ሥጋ የሌለበት የአዛውንት ገበታ፤ ምን ይበቃዋል? ምን ይጎድለዋል?

ባለፈው ዓመት በነቢያት ጾም ለለቅሶ ወደ አሰላ ሄጄ በአንድ የሥጋ ዘመዴ ቤት አደርኩ፡፡ እኚህ ሰው ከ30 ዓመታት በላይ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ያለፋቸው፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው አዛውንት ናቸው፡፡ ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ አንዱ እግራቸው ደምቶ አየሁ፡፡ ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቆዳቸውን ልጣው ኖሯል፡፡ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ አልተሰማቸውም፡፡ «እግሬ መሬቱን መለየት ካቆመ ቆየ፤ ያው እርጅና ነው» አሉኝ፡፡

ስለሚመገቡት ጠየቅኋቸው፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት «ሥጋና ቅቤ ይተዉ» ተብለው መተዋቸውን፣ ልጆቻቸውም ነገሩን አጥብቀው ወተቱንና እንቁላሉን ጭምር ማስቀረታቸውን ነገሩኝ፡፡ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን መኮሮኒ በቲማቲም ስጎ፣ ማታ እንጀራ በጥቅል ጎመንና ድንች ይበላሉ፡፡ ሽሮውንም «ይነፋኛል» ብለው ትተውታል፡፡ ከብዙ ምልልስ በኋላ ደማቸው ሲመረመር ቫይታሚን ቢ12 በእጅጉ ዝቅ ብሎ ተገኘ፡፡ መርፌው ከተጀመረላቸው ወዲህ ጉልበታቸው ተመልሷል፤ የእግራቸው መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፡፡ ከአንድ ዓመት በላይ «ስኳሩ ነው፣ ዕድሜው ነው» ሲባል የቆየው ነገር ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ምናልባት ይህም ባልቀረ ነበር፡፡

ይህ ጸሐፊ የሕግ ተመራቂ እንጂ ሐኪም አይደለም፡፡ የሕግ ሰው ግን አንድ ነገር ያውቃል፡፡ ክልከላ ብቻ የያዘ ድንጋጌ ሰውየው ምን እንዳያደርግ ይነግረዋል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም፡፡ «ሥጋ ተው» የሚለው ምክርም እንዲሁ ነው፡፡ በምትኩ ምን እንደሚበላ ካልተነገረ ምክሩ ግማሽ ነው፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌላውን ግማሽ መሙላት ነው፡፡

የአርሲ ገበታ ትናንትና ዛሬ

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የአርሲ ዞን ዋና ከተማ ናት፡፡ ከኢተያ እስከ ሳጉሬና በቆጂ የተዘረጋው ደጋ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር የሚያበቅል ነው፡፡ የአርሲ ኦሮሞ ደግሞ ከከብቱ ጋር የኖረ ሕዝብ በመሆኑ ወተት፣ እርጎና ቅቤ የገበታው አካል ናቸው፡፡ ጭኮ የገብስ ዱቄት በቅቤ የሚለወስበት ነው፡፡ ገንፎው፣ ቅንጬው፣ በሶው፣ ቆሎው ሁሉ መነሻው ገብስ ነው፡፡ ሥጋ ግን በአብዛኛው ቤት የበዓልና የእንግዳ ምግብ ነበር፡፡

እንግዲህ ዛሬ በውጭው ዓለም «በአብዛኛው ከዕፅዋት የሚገኝ አመጋገብ» እየተባለ የሚወደሰው ነገር ለአርሲ እንግዳ አይደለም፡፡ የቀድሞው ገበታ ሦስት እግር ነበረው፤ እህል፣ ጥራጥሬና ወተት፡፡

እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በአሰላ ሥራ ጀመረ፡፡ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ቀረበ፡፡ በአሰላ አቅራቢያ የሚገኘው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እስከ ዛሬ የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው፡፡ በዚህ ሁሉ ስንዴ የአርሲ ዋነኛ የገበያ ሰብል ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1984 የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሲከፈት ገብሱም ወደ ቢራ የሚሄድበት ሰፊ በር አገኘ፡፡ ይህ ገበሬውን ጠቅሟል፤ ማንም አይክደውም፡፡ በከተማው ቤት ግን ዳቦ፣ መኮሮኒና ፓስታ የገብሱንም የባቄላውንም ቦታ እየወሰዱ መጡ፡፡

የግብርና ባለሙያዎች ገበሬውን የሚመክሩት አንድ ነገር አለ፡፡ ስንዴ በስንዴ ላይ ደጋግመህ አትዝራ፤ በመሐሉ ባቄላ ወይም አተር አስገባ፡፡ ጥራጥሬ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይመልሳልና፡፡ የዘመዴን የቀን ምግብ መለስ ብለው ይመልከቱ፡፡ ጠዋት ስንዴ፣ ቀን ስንዴ፣ ማታ እንጀራ ከጎመን ጋር፡፡ ጥራጥሬው የት ገባ?

ጥቅሙ ምን ድረስ ነው?

በአብዛኛው ከዕፅዋት የሚገኝ ምግብ ለአዛውንት የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው፡፡ አሠር የበዛበት በመሆኑ የሆድ ድርቀትን ያቃልላል፤ ኮሌስትሮልን ይቀንሳል፤ ጨው ካልበዛበት ለደም ግፊትም ይረዳል፡፡ ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል በውኃ የሚሟሟ አሠር አለው፡፡ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 በገብስ ምርቶች ላይ «ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድልን ሊቀንስ ይችላል» ተብሎ እንዲጻፍ የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2015 በፋብሪካ የተዘጋጁ የሥጋ ውጤቶችን ካንሰር አምጪ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት መድቧል፡፡

የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የአቋም መግለጫ ከዕፅዋት ብቻ የሚገኝ ምግብ እርጅናን ጨምሮ ለማንኛውም የዕድሜ ክልል ተስማሚ ነው ብሏል፡፡ ልብ ሊባል የሚገባው ግን «በአግባቡ ከታቀደ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው፡፡ የሕግ ሰው ቅድመ ሁኔታውን ዘሎ አያነብም፡፡ ቅድመ ሁኔታው ካልተሟላ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ማስረጃም አለ፡፡ በእንግሊዝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የማይበሉ ሰዎች ሥጋ ከሚበሉት ይልቅ የዳሌ አጥንት ስብራት ከእጥፍ በላይ እንደሚያጋጥማቸው አሳይቷል፡፡ አጥኚዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል የሰውነት ክብደት ማነስ፣ የፕሮቲንና የካልሲየም እጥረት ይገኙበታል፡፡

አንዳንድ አንባቢ «ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከዚሁ ከአርሲ ደጋ አይደል እንዴ የወጡት? በሶ ጠጥተው ዓለምን አሸነፉ!» ይል ይሆናል፡፡ እውነት አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ የታዩት ታዋቂ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች ጉልበታቸውን በአብዛኛው ከዕፅዋት እንደሚያገኙ፣ ከዚያም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእህልና መሰል ኃይል ሰጪ ምግቦች እንደሚመጣ አሳይቷል፡፡ ሆኖም ሯጩ የ20 ዓመት ወጣት ነው፡፡ ብዙ ስለሚሮጥ ብዙ ይበላል፤ ብዙ ስለሚበላም ፕሮቲኑ ከእህሉም ቢሆን ይጠራቀምለታል፡፡ የ70 ዓመት ሰው የምግብ ፍላጎቱ ቀንሷል፡፡ ጥቂት የሚበላ ሰው በዚያች ጥቂት ውስጥ ብዙ ማግኘት አለበት፡፡ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፡፡

ሆድ ሞልቶ ጡንቻ ሲራብ

ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይቀንሳል፡፡ ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ሲደናቀፉ ሚዛንን መጠበቅ ሁሉ በጡንቻ ነው፡፡ ያረጀ ሰውነት የተመገበውን ፕሮቲን ወደ ጡንቻ ለመለወጥ ከወጣቱ ይሰንፋል፡፡ ስለዚህ አዛውንት የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከወጣቱ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአዋቂ ሰው ያስቀመጡት መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም በቀን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ጤነኛ ሰዎች መጠኑ ከ1 እስከ 1.2 ግራም እንዲሆን መክሯል፡፡ 60 ኪሎ የሚመዝን አዛውንት እንግዲህ በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው፡፡

ይህ ከየት ይመጣል? ሳይበስል በደረቁ ሲመዘን 100 ግራም ምስር ወይም ባቄላ 25 ግራም ገደማ፣ አተር 23፣ ሽምብራ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፡፡ 100 ግራም ጤፍ፣ ስንዴ ወይም መኮሮኒ ከ11 እስከ 13 ግራም፣ ገብስ ከ10 እስከ 12 ግራም ይይዛል፡፡ ድንች 2 ግራም፣ ጥቅል ጎመን 1 ግራም ብቻ ነው፡፡ አንድ ብርጭቆ (ሩብ ሊትር) ወተት 8፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ይሰጣል፡፡

አሁን ሁለት ገበታ እናወዳድር፡፡ ስሌቱ የራሴ ነው፤ ግምታዊም ነው፡፡

የመጀመሪያው የዘመዴ ነው፡፡ ጠዋት 100 ግራም ዳቦ በሻይ 8 ግራም፤ ቀን 100 ግራም መኮሮኒ 13 ግራም፤ ማታ አንድ እንጀራ 13 ግራም፣ ጎመንና ድንቹ 3 ግራም፡፡ ድምሩ 37 ግራም ነው፡፡ ሆድ ሞልቷል፤ ጡንቻ ግን ከሚያስፈልገው ገና ወደ ግማሽ አልፎ መንገድ ላይ ነው፡፡

ሁለተኛው ከዚያው ከአሰላ ገበያ የሚሸመት ነው፡፡ ጠዋት 60 ግራም የገብስ ቅንጬ 6 ግራም፤ ቀን አንድ እንጀራ 13 ግራም፣ ከ60 ግራም ምስር የተሠራ ወጥ 15 ግራም፤ ከሰዓት በኋላ ስንዴና ባቄላ የተቀላቀለበት አንድ እፍኝ ተኩል ንፍሮ 13 ግራም፤ ማታ 100 ግራም ዳቦ 8 ግራም፣ ከ40 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 8 ግራም፡፡ ድምሩ 63 ግራም ነው፡፡ በፍስክ ቀን አንድ ብርጭቆ ወተት ቢጨመር 71 ይደርሳል፡፡ ይህ ሁሉ ያለ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ነው፡፡

ንፍሮውን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ የእህል ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ይህ ሞልቶለት ሌላው ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፡፡ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ይሞላል፡፡ እንጀራ በሽሮ፣ ስንዴና ባቄላ በንፍሮ የሚያቀርቡት እናቶቻችን ይህን ከማንም ሳይማሩ ሲያደርጉት ኖረዋል፡፡ እኛ ትናንት ሕፃን ሆነን የበላነው ፋፋም እህልን ከጥራጥሬና ከዱቄት ወተት ጋር የማቀላቀል ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር፡፡

«ይነፋኛል» ለሚለው አቤቱታም መልስ አለ፡፡ ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል፣ ከነቅርፊቱ ይልቅ ክኩን መጠቀም፣ ለረጅም ጊዜ ትቶት የቆየ ሰው ደግሞ በሁለት ማንኪያ ቀጭን ሽሮ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር ነው፡፡ አንጀትም ይለማመዳል፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፡፡ ሽሮ ተፈጭቶ ሲገዛ ምን እንደተቀላቀለበት ይጠይቁ፡፡ ጓያ ለወራት በብዛት ከተበላ እግርን ሽባ ሊያደርግ እንደሚችል በአገራችን በተለይ በሰሜን ምዕራብ አካባቢ በደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው፡፡ ርካሽ መሆኑ አያታልል፡፡

ቢ12፤ ከማሳ የማይገኘው

ቫይታሚን ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፡፡ እኛ የምናገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፡፡ በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ሊታመኑበት የሚቻል መጠን የለም፡፡ «እንጀራው ቦክቶ ስለሚጋገር ይበቃል» የሚለው የተለመደ አባባልም አያስተማምንም፡፡

የአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ በጣም ትንሽ ነው፡፡ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት መያዝ ይችላል፡፡ አደጋውም ከዚህ ይመነጫል፡፡ ወተትና ሥጋ የተወ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም አይሰማውም፡፡ ክምችቱ ሲያልቅ ግን ድካም፣ የእግርና የእጅ መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የመርሳት ችግር ይመጣል፡፡ እነዚህን ምልክቶች በ70 ዓመት ሰው ላይ ያየ ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል፡፡ የነርቭ ጉዳቱ ከዘገየ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፡፡

አዛውንትን ከሌላው የሚለየው ሌላም ነገር አለ፡፡ ዕድሜ ሲገፋ የብዙ ሰው ጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፤ ያለ በቂ አሲድ ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲኑ ተላቆ አይወጣም፡፡ ስለዚህ ሥጋ የሚበላ አዛውንትም ቢሆን ሊጎድልበት ይችላል፡፡ ለስኳር የሚታዘዘው ሜትፎርሚን እና ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የቢ12 መጠንን ይቀንሳሉ፡፡ ዕድሜው የገፋ፣ ሜትፎርሚን የሚወስድ፣ ወተትና እንቁላል የተወ ሰው ሦስት ምክንያት በአንድነት ተደራርቦበታል ማለት ነው፡፡ ዘመዴ እንዲህ ነበሩ፡፡ ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ ይቁም ማለት አይደለም፤ ደሙ ይመርመር ማለት ነው፡፡

መፍትሔው ቀላል ነው፡፡ ወተትና እርጎ ለሚወስድ ሰው በቀን ሁለት ብርጭቆ ትልቅ ድጋፍ ነው፡፡ ዓሣ ለሚበላም የዝዋይ ሐይቅ ከአሰላ ሩቅ አይደለም፡፡ ሁሉንም ለተወ ሰው ግን ቢ12 ያለበት ኪኒን ወይም መርፌ የግድ ነው፡፡ መጠኑን ሐኪም ይወስናል፡፡ «ደም ያንስሃል» ተብሎ የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ብቻ የታዘዘለት አዛውንት ደግሞ ቢ12ም እንዲታይለት ይጠይቅ፡፡ ፎሊክ አሲድ የደሙን መልክ እያስተካከለ የነርቩን ጉዳት ሊሸፍነው ይችላልና፡፡

ብረት፣ ካልሲየምና የቡናው ሰዓት

በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ብረትና ዚንክ አለ፡፡ ነገር ግን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው፡፡ መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማቡካት ይህን እስር ያላላሉ፡፡ በሚገባ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው የሚሻለውም ለዚህ ነው፡፡ ከምግቡ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ መኖሩ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ያግዛል፡፡

በተቃራኒው ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ምግቡ እንዳለቀ ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉ፡፡ ቡና ይቅር የሚል ሰው በአገራችን ሰሚ አያገኝም፤ እኔም አልልም፡፡ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ነው ነገሩ፡፡ ጠዋት ቁርሱ ዳቦ በሻይ ብቻ የሆነ ሰው ግን ሻዩን ለሌላ ሰዓት፣ ቁርሱን ለቅንጬ ቢለቅ ይመረጣል፡፡

ለአጥንት ካልሲየም ከወተት ሌላ ከጤፍ፣ ከሐበሻ ጎመንና ከሰሊጥ ይገኛል፡፡ ቫይታሚን ዲ ግን በዋናነት ከፀሐይ ነው፡፡ የአርሲ ደጋ ብርድ ሰውን በጋቢ ጠቅልሎ ቤት ያስቀምጠዋል፡፡ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፊትንና ክንድን ገልጦ በእግር መንቀሳቀስ ሁለት ጥቅም አለው፡፡ ፕሮቲን ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻ አይሆንምና፡፡

ጥርስ፣ ውኃና ጨው

ብዙ አዛውንት ጥራጥሬ የሚተዉት ጠልተውት ሳይሆን ጥርስ ስለከዳቸው ነው፡፡ ቆሎ ለማይችል ሰው በሶ፣ ገንፎ፣ የምስር ክክ፣ ቀጭን ሽሮ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት አለ፡፡ ለውዝም ተፈጭቶ በገንፎ ወይም በቅንጬ ላይ ሊጨመር ይችላል፡፡ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ለማይችል ምግቡን በቀን አራት አምስት ጊዜ መከፋፈል ይጠቅማል፡፡

አሠር ያለ ውኃ ያደርቃል እንጂ አያለሰልስም፡፡ በእርጅና የውኃ ጥም ስሜት ስለሚቀንስ እስኪጠማ መጠበቅ አይገባም፡፡ ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፡፡ በሽሮው ዱቄት፣ በበርበሬው፣ በዳቦውና በወጡ ውስጥ ያለው ተደምሮ ከዚህ በቀላሉ ያልፋል፡፡ ለጾም ወጥ ማጣፈጫ ተብሎ የሚፈሰው ዘይትም ቢሆን ይመጠን፡፡

ጾምና መድኃኒት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የምእመናን የጾም ቀናት በዓመት 180 ገደማ፣ የካህናትና የመነኮሳት 250 ገደማ ይደርሳሉ፡፡ ስለዚህ ጾም የሚያጠብቅ አዛውንት የዓመቱን ግማሽ ከእንስሳት ምግብ ርቆ ይኖራል፡፡ በፍስኩ ግማሽ ዓመት ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ከሆነ የቢ12 ክምችቱን ይተካል፡፡ ችግሩ የሚመጣው በፍስኩም የማያገኝ ከሆነ ነው፡፡ በድህነት ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ሳይወዱ የሚጾሙ ስንት አዛውንት አሉ!

ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ፈጥኖ የሚጎዳው ሰዓቱ ነው፡፡ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ አዛውንት ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፡፡ በረመዳንም ያው ነው፡፡ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን አስቀድሞ እንዲያስተካክል ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሊነገረው ይገባል፡፡ ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚደነግግበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛውን በጤነኛው ልክ አያስገድድም፡፡ ቁርኣንም በሁለተኛው ምዕራፍ (አል በቀራህ) የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ፣ መጾም ለሚከብደው ደግሞ ድሃ በማብላት እንዲወጣው መንገድ ይሰጣል፡፡ ሁለቱም ሕጎች ለሽማግሌው የራሩትን ያህል ሽማግሌው ራሱ ለራሱ ቢራራ መልካም ነው፡፡ ዝርዝሩን የንስሐ አባቱና ሼኩ ያውቃሉ፡፡

እነማን ለብቻ ይመከሩ?

ከላይ የተባለው ሁሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው የፕሮቲንና የፖታሲየም መጠን ስለሚገደብበት ጥራጥሬውን በራሱ ፈቃድ መጨመር የለበትም፡፡ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ጎመን በድንገት ቢያበዛ ወይም ቢተው መድኃኒቱ ይዛባበታል፤ በየሳምንቱ ተመጣጣኝ መጠን መብላት ይሻለዋል፡፡ ሳይፈልግ ክብደቱ የቀነሰ አዛውንት ደግሞ ምግብ ከመከልከሉ በፊት መመርመር አለበት፡፡

የልጆች ድርሻ

በእርጅና የሚበላውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም፡፡ ገበያ የሚወጣው ልጅ፣ ድስት የምትጥደው ምራት ወይም ሠራተኛ ናት፡፡ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ቀለብ የመስጠት ግዴታን ይደነግጋል፡፡ ይህ ግዴታ ወላጅ ለልጅ ብቻ ሳይሆን ልጅም ለተቸገረ ወላጁ ያለበት ነው፡፡ ይዘቱም ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስንና ጤናን ያካትታል፡፡ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አሰላ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው የክልሉን ሕግ ይመልከት፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ግዴታ ገብቷል፡፡

ነገር ግን እናትና አባት ስለ ምስር ወጥ ፍርድ ቤት አይቆሙም፡፡ አቅም ያለው ልጅ ወላጁን የሚጎዳው በክፋት ሳይሆን «ይጠቅመዋል» ባለው ነገር ነው፡፡ የዘመዴ ልጆች ወተቱን ያስቀሩት አባታቸውን ስለሚወዱ ነበር፡፡ ስለዚህ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ «ምን ይተዉ አሉ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በምትኩስ ምን ይብሉ አሉ?» የሚለው ሊጠየቅ ይገባል፡፡ ሐኪሙም ሳይጠየቅ ቢናገር ሥራው ይሞላል፡፡

በቅርቡ ለዘመዴ ስልክ ደውዬ ነበር፡፡ ሽሮው ቀጥኖ ተመልሷል፤ በፍስክ ቀን ጠዋትና ማታ አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣሉ፤ መርፌውን በቀጠሮው ይወጋሉ፡፡ ሥጋውን አልተመለሱበትም፤ አያስፈልጋቸውምም፡፡ ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት ግን ገልብጠው ያራግፉታል፡፡ «እግሬ ባይነግረኝ ዓይኔ ይንገረኝ ብዬ ነው» አሉኝ፡፡

እርስዎም ዛሬ ማታ የእናትዎን ወይም የአባትዎን ሰሐን ይመልከቱ፡፡ ጥራጥሬ አለበት? ወተት ወይም ቢ12 አግኝተዋል? እግራቸውስ መሬቱን ይለያል? ሦስቱን ጠይቆ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፡፡